«እግዜር ይክፈልሽ» ደመወዝ አይደለም

«እግዜር ይክፈልሽ» የምትለዋን ምርቃት ልብ ብላችሁ ሰምታችኋት ታውቃላችሁ? ጎረቤታችን ልጃችንን ስትይዝልን ትውላለች። ማታ ልጁን ከእቅፏ ተቀብለን «እግዜር ይክፈልሽ» እንላታለን። አራሷን ልትጠብቅ ከገጠር የመጣች አክስት ወር ሙሉ ገንፎ ስታገነፋ፣ አጥሚት ስታፈላ፣ የሕፃን ጨርቅ ስታጥብ ትከርማለች። ስትሄድ አንድ ነጠላ በፌስታል ይዛ «እግዜር ይክፈልሽ» ተብላ ትሸኛለች። ምርቃቷ ታምራለች። ሒሳቧን ግን እዩት፦ ሥራው የተሠራው ለእኛ ነው፤ ከፋይ ያደረግነው እግዜርን ነው። ዕዳ እንዳለብን አምነን፣ ከፋዩን ቀይረን፣ ልጃችንን አቅፈን ወደ ቤታችን።

እኔ ከምርቃት ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ምርቃት የክፍያ ምትክ ሲሆን ነው። ትንንሽ ልጆችንና ቤተሰቦቻቸውን ደግፈው የያዙ ሰዎችን «እናከብራለን» እያልን የምናደርገው ማወደስ ብቻ ነው። ማወደስ ደግሞ ርካሽ ነው፤ አዳራሽና ማይክ ካለ ይበቃል። ማክበር ግን የሚታይበት ቦታ ይታወቃል፦ የደመወዝ መዝገብ ላይ፣ የሕግ አንቀጽ ላይ፣ የዕረፍት ቀን ላይ። እዚያ ስሟ ከሌለ አልተከበረችም። በቃ።

የካቲት 29 የሴቶች ቀን ሲደርስ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወንበሮች በነጭ ጨርቅ ይለብሳሉ፤ ጥቂት እናቶች ከፊት ይቀመጣሉ፤ ሰርተፍኬት በፍሬም ይሰጣቸዋል፤ ፎቶ ይነሳል። «ጀግና እናት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፖስት ማታ ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ እኛም ልብ እንለጥፍበታለን። በማግስቱ እናትየዋ ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ትመለሳለች። ሰርተፍኬት ሽንኩርት አይገዛም።

«ልጅ ለማሳደግ አንድ መንደር ያስፈልጋል» የሚለው አባባልስ? በየሥልጠናው ስላይድ ላይ አለ፤ በየቲክቶኩ ቪዲዮ ሥር አለ። የአፍሪካ ጥበብ ነው ስለሚባል ደረታችንን ነፋ እናደርጋለን። እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ መንደሩ ማን ነው? መንደር ጡጦ አይቀቅልም። መንደር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሚያለቅስ ሕፃን አይነሳም። የሚነሳው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ስም አለው፤ ብዙ ጊዜ የሴት ስም ነው። «መንደር» ስንል ስሟን እናጠፋዋለን። ስም የሌለው ሠራተኛ ደመወዝ አይጠየቅለትም።

እኔ የማውቀው መንደር ጳውሎስ ነው፤ ጉለሌ ውስጥ፣ ከመርካቶ ወደ ዊንጌትና አስኮ በሚወስደው መስመር ላይ ያለው ሰፈር። ታክሲው ጳውሎስ ጋ ሲቆም ከሚወርደው ሰው ብዙው የሚሄደው ወደ ሆስፒታሉ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ1961 ዓ.ም. የተከፈተው አቅም የሌላቸውን ሰዎች ለማከም ታስቦ ነው። በ2000 ዓ.ም.፣ በሚሊኒየሙ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ተጨመረበት፤ «ሚሊኒየም» የሚለውም ስም ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ ከሩቅ ሀገር ሳይቀር በሪፈር የሚመጡ እናቶችና ጨቅላዎች በዚያ በር ይገባሉ።

በሩ ላይ ትንሽ ቆም ብላችሁ የሚገባውን ሰው ተመልከቱ። ማንም ብቻውን አይመጣም። ወላድ ከመጣች እናቷ ወይ እህቷ ወይ አማቷ ትከተላለች፤ በአንድ እጇ ፔርሙዝ፣ በሌላው የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይዛ። መጠሪያዋ «አስታማሚ» ነው። በዚህች ሀገር በየትኛውም የመንግሥት ሆስፒታል አስታማሚዎች ለአንድ ቀን ቢቀሩ ምን እንደሚፈጠር አስቡት። መድኃኒት ከውጭ ገዝታ የምታመጣው እሷ ናት። ውጤት ለመቀበል ሰልፍ የምትይዘው፣ አራሷን ደግፋ መጸዳጃ ቤት የምታደርሰው፣ ሐኪሙ በአማርኛ ያለውን በኦሮምኛ የምታስረዳው እሷ ናት። የሠራተኞች ዝርዝር ላይ የለችም። የበሽተኞች ዝርዝር ላይም የለችም።

ነገሩ ደግሞ የሐዘኔታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሕክምናው ራሱ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ከተማ ውስጥ የጨቅላዎች ማሞቂያ ሣጥን ያጠራቸው ሐኪሞች ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን እናቶቻቸው ደረታቸው ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ እንዲታቀፏቸው አደረጉ። ለእጥረት የተፈለሰፈው ነገር ሕይወት የሚያድን ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክረዋል፤ በእኛም ሀገር ሆስፒታሎች «የካንጋሮ እንክብካቤ» እየተባለ ይሠራበታል። ለሰዓታት ማቀፍ ነው፤ ቀንና ሌሊት። እናትየዋ ከቀዶ ሕክምና ካላገገመች ሌላ ሰው ይተካታል፤ አያት፣ አክስት፣ አባት። እንግዲህ አስቡት፤ ይህን ሥራ የሚሠራው ማሽን ቢሆን ጨረታ ይወጣበት ነበር፣ በዶላር ይገዛ ነበር፣ ሲመጣ ሪቫን ይቆረጥለት ነበር። የአክስት ደረት ስለሆነ ነፃ ነው።

እዚሁ ጳውሎስ ሆስፒታል ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በኮቪድ ምክንያት አረፉ። ታሪካቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሄደው ረሀብ ያዩት፣ ከዚያ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ የተመለሱት እሳቸው ናቸው። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባላቸው ከልጆቹና ከእኔ ምረጪ አሏቸው፤ ልጆቹን መረጡ፤ ቤታቸውን ለቀው ወጡ። ኋላ ማኅበራቸው ብዙ ሺህ ልጆችን ደገፈ። የክብር ዶክትሬት መጣ፣ ሽልማት መጣ፣ «የአፍሪካ እናት ቴሬዛ» የሚል ስም መጣ። ዛሬ በስማቸው የተሰየመ የእናቶችና የሕፃናት ሆስፒታል አለ። ይገባቸዋል፤ ከዚህም በላይ ይገባቸዋል።

ግን ቅደም ተከተሉን እዩት። 21 ልጅ ይዘው ቤት አልባ በሆኑበት ጊዜ ሰው ያላቸው «አብደሻል» ነበር። ያን ጊዜ የሚያስፈልጋቸው የቤት ኪራይና ዱቄት እንጂ ማዕረግ አልነበረም። ማዕረጉ የመጣው ሥራው ካለቀ፣ ልጆቹ ካደጉ፣ እሳቸውም ካረጁ በኋላ ነው። የእኛ ክብር ሁሌ እንዲህ ነው፤ ሰውየው ብቻውን ተራራውን ወጥቶ ሲጨርስ ጫፉ ላይ አበባ ይዘን እንጠብቀዋለን።

ሁለተኛም ነገር አለ። አንዲትን ሴት «ቅድስት» ስንላት ለሌሎቹ ሁሉ መጥፎ መለኪያ እናወጣለን። ቅድስት ደመወዝ አትጠይቅም። ቅድስት አይደክማትም፣ ኪራይ የለባትም፣ ጡረታ አትፈልግም። ከዚያ በኋላ ልጅ እየጠበቀች ብር የጠየቀች ሴት ሁሉ «ገንዘብ ወዳድ» ትሆናለች። «ለጽድቅ ነው እኮ» ትባላለች። ጽድቁን ለእሷ፣ ነፃውን ጉልበት ለእኛ! አከፋፈሉ ቆንጆ ነው።

ጽድቁን ለጊዜው እንተወውና ወደ ሕጉ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። ጥሩ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ግን ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይነገራችኋል። 90 ቀን 3 ወር ነው። ሒሳብ የሚችል ሰው ይንገረኝ፤ የቀሩትን 3 ወራት ማን ነው የሚይዘው? ከዚያስ እስከ ትምህርት ቤት ያሉትን ዓመታት? ሕጉ መልስ አይሰጥም። መልስ ያልሰጠው ጥያቄው ስላልታየው አይመስለኝም። በዝምታ አንዲት ሴት እዚያ ቦታ ላይ አስቀምጧል፤ አያት፣ ጎረቤት፣ ወይም የቤት ሠራተኛ።

የቤት ሠራተኛዋን ደግሞ ይኸው አዋጅ ከበር ይመልሳታል። አንቀጽ 3 ላይ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር በአዋጁ እንደማይሸፈን ተጽፏል። በቀላል አማርኛ፦ ቤታችሁ ውስጥ ልጅ የምትይዘው ልጅ የ8 ሰዓት የሥራ ቀን የላትም፣ የሳምንት ዕረፍት የላትም፣ የወሊድ ፈቃድ የላትም ማለት ነው። የምትሸፈነው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ነው። አዋጁ የእንዲህ ያለ ሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ይጠቅሳል። የሚያስቀው፣ ካሳቀ፣ ቀድሞ የነበረው አዋጅ 377/1996ም እንዲሁ ብሎ ነበር። 15 ዓመት ቆይቶ አዲሱ አዋጅ መጣና ያንኑ ቃል ደገመው።

እስቲ ይህን ለራሳችን እናምጣው፤ አንባቢዎቼ አብዛኞቻችሁ ወጣቶች ናችሁና። እናታችሁ ቢሮ የዋለችው ማን ልጅ ይዞላት ነው? እናንተን ማን ነው አዝሎ ያስተኛችሁ? ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ቃላችንን የሰማች፣ የመጀመሪያ እርምጃችንን ያየች አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ አለች፤ ያኔ ራሷ ዕድሜዋ ለትምህርት ቤት ነበር። ዛሬ የት እንዳለች እናውቃለን? የአባቷን ስም እናውቃለን? ቤታችን ያለችውንስ በስሟ ነው የምንጠራት ወይስ «ሠራተኛዋ» ነው የምንላት? ሐኪሞች ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ያሉት 1,000 ቀናት የሰውን አእምሮና አካል የሚሠሩ ናቸው ይላሉ። እነዚያን ቀናት በአደራ የሰጠናትን ሰው ሕጉ ሠራተኛ አይላትም።

«ሀገሪቱ ድሃ ናት፣ ከየት ይመጣል?» የሚል አለ። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ ግን የራሳችን ታሪክ ይቃወመዋል። በ1995 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዛሬው በብዙ ድሃ ነበረች። በዚያ ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሆነው፣ በመንግሥት ደመወዝ ተቀጠሩ። ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ቤት ለቤት እየሄዱ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሕፃናት አመጋገብ አስተማሩ። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ይህን ሁሉ እነሱ ብቻቸውን አላደረጉትም፤ መንገድም ክትባትም ትምህርትም አለበት። ያለ እነሱ ግን ክትባቱ ከየቀበሌው ደጃፍ እንዴት ይደርስ ነበር? ድሃ ሀገር ሴቶችን ለእንዲህ ያለ ሥራ በደመወዝ መቅጠር እንደሚችል ያሳየነው እኛው ነን።

ከዚያስ ምን አደረግን? ሥራው ሲበዛ ሰው በደመወዝ መጨመሩን ትተን «የሴቶች ልማት ሠራዊት» አቋቋምን። አንድ ለአምስት። አንዲት «ሞዴል» ሴት አምስት ጎረቤቶቿን ይዛ ነፍሰ ጡሯን ጤና ጣቢያ ትልካለች፣ ክትባት ያለፈውን ልጅ ትከታተላለች፣ ሪፖርት ታቀርባለች። በነፃ። ይህ የበጀት ስሕተት ወይም የተረሳ ነገር አልነበረም፤ ሲታቀድም በነፃ እንዲሠራ ነው የታቀደው። ስሙን እንኳ አስተውሉ፤ «ሠራዊት» ተባለ። ሌላው ሠራዊት ደመወዝ፣ ማዕረግና ጡረታ አለው። ይኼኛው ያለው ስብሰባ ነው።

«ገንዘብ ከገባበት ፍቅሩ ይጠፋል» የሚሉም አሉ። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም። ወታደር ሀገሩን ይወዳል፣ ደመወዝ አለው። መምህር ሙያውን ይወዳል፣ ደመወዝ አለው። ቄሱም ከሰበካው የሚከፈለው አለው፤ እምነቱ ጠፋ ያለው የለም። ፍቅር በብር ይበላሻል የሚባለው ሴት ልጅ ስትጠብቅ ብቻ ነው። እንዲያውም ፍቅርን የሚያበላሸው ድካም ነው። ቁርስ ያልበላች ሞግዚት ናት የምትቆጣው። አምስት ልጅ በአንዲት ክፍል ውስጥ ለሳንቲም የምትይዝ ጎረቤት ናት አንዱን ልጅ የማታየው። ልጃችሁ እንዲወደድ ከፈለጋችሁ የያዘችው ሴት እንድታርፍ አድርጉ።

ደመወዝ ያላቸውም ቢሆኑ ጥያቄ ሲያነሱ ምን እንደሚደርስባቸው አይተናል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች ኑሮ አልቻልንም፣ ደመወዛችን ይስተካከል ብለው በከፊል ሥራ አቆሙ። ከመካከላቸው የታሰሩ ነበሩ። «ነጭ ለባሽ ጀግኖች» የሚለው ውዳሴ ኮቪድ ላይ ብዙ ተደምጦ ነበር። ጀግናው የቤት ኪራይ ሲያነሳ ጀግንነቱ ቀረ።

አዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት አንድ ጥሩ ነገር ጀምራለች፤ ይህን አለመናገር ነውር ነው። የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ተዘርግቶ ቤት ለቤት እየሄዱ ወላጆችን የሚያማክሩ ሰዎች ተሰማርተዋል፤ የሕፃናት ማቆያዎች ተከፍተዋል፤ ከተማዋን ልጅ ለማሳደግ ከአፍሪካ ምርጧ ማድረግ ነው ግቡ ተብሏል። እሰየው። ልጅና ወላጅን መደገፍ ሙያ እንደሆነ ከተማዋ አምናለች ማለት ነው።

ይህችው ከተማ ግን በሌላ እጇ መንደሩን ትበትናለች። ከ2016 ጀምሮ ከፒያሳ፣ ከካዛንችስና ከሌሎችም ሰፈሮች ብዙ ቤተሰብ ለመልሶ ማልማት ሲባል ተነስቷል፤ ገላን ጉራ የደረሰ አለ፣ አራብሳ የደረሰ አለ። ሲነሳ ቤቱ ይለካል፣ ጣሪያውና አጥሩ ይቆጠራል። ያልተለካ ነገር ቢኖር በአጥሩ በኩል ልጅ ይቀባበሉ የነበሩት ሁለት እናቶች ናቸው። አንዷ ወደ ምሥራቅ፣ አንዷ ወደ ደቡብ። ልጁን ማን እንደሚይዘው የሚጠይቅ ቅጽ የለም። ጠዋት 12 ሰዓት ከአራብሳ ተነስታ መርካቶ የምትሸጥ እናት አዲስ ቤት አግኝታለች፤ ልጇን የምትጥልበት ደጅ ግን የላትም። ምክንያቱም ያ ድጋፍ በሰው ፊት «ጉርብትና» ነው፤ በወረቀት ላይ ምንም ነው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት አየው? ብራዚል ውስጥ የቤት ሠራተኞች ለአሥርት ዓመታት እንደኛዎቹ ከሕጉ ደጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የሥራ ሰዓት ገደብና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ተፈቀደላቸው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የቤት ሠራተኛን ዝቅተኛ ደመወዝ ከሌላው ሠራተኛ እኩል አደረገች። ሁለቱም ሀገሮች ገነት አልሆኑም፤ የማይከፍል አሠሪ ዛሬም አለ። ልዩነቱ የተበደለችው ሴት አሁን የምትጠቅሰው አንቀጽ አላት።

እንግዲህ እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። አዋጁ በስም የጠቀሰው የቤት ሠራተኞች ደንብ የዕረፍት ቀን፣ የሥራ ሰዓትና ዝቅተኛ ክፍያ ይዞ ይውጣ፤ ያው ቃል ሦስተኛ አዋጅ ላይ እንዳይደገም። ቤት ለቤት ለሕፃናት ጤና የምትዞር ሴት «በጎ ፈቃደኛ» መባሏ ይብቃ፤ ሥራው ቋሚ ከሆነ ክፍያውም ቋሚ ይሁን። ሆስፒታል አስታማሚን በሥራው ውስጥ ከቆጠራት አልጋና ምግብም ይቁጠርላት። ሰፈር ሲነሳ ልጅ የሚቀባበሉ ቤተሰቦች አንድ ላይ ይመደቡ። የአባትም ፈቃድ ከ3 ቀን ይለፍ፤ «ልጅ የሴት ነው» የሚለውን ሕጉ ራሱ እያስተማረ ወንዱን መውቀስ አይሆንም።

መንግሥትን ጠይቄ እናንተን አልተውም። ደንብ እስኪወጣ የሚከለክላችሁ ማንም የለም። ቤታችሁ ሠራተኛ ካለች ደመወዟ የሚከፈልበት ቀን ይታወቅ፤ እሑዷ የእሷ ይሁን፤ ማታ መማር ከፈለገች ሰዓቷ አይነካባት። ይህን ለእናታችሁ ንገሩ፤ እናንተ ብትነግሯት ትሰማለች። ጎረቤት ልጅ ከያዘችላችሁ በወር ስንት እንደሆነ ተነጋገሩ። «አይ፣ ምን ችግር አለው» ትላለች፤ ይሉኝታ ነው፤ እናንተ ግን ስጧት። በሚቀጥለው የካቲት 29 ፎቶው ሲለጠፍ ደግሞ ልብ ከመላካችሁ በፊት ሥሩ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ «ደመወዟ ስንት ነው?»

ምርቃቱንም አትተዉት፤ እኔም አልተወውም። ከከፈላችሁ በኋላ መርቁ።